እሁድ ያልተጠየቁት እናት

ኮለምበስ፣ በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሕዝብ ጤና የምታጠና አንዲት ኢትዮጵያዊት ተማሪ የመጀመሪያ የምርምር ሥራዋን የጀመረችው በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ነበር። «ሐኪም ዘንድ ከሄዱ ስንት ወር ሆነዎት?» የሚል መጠይቅ ይዛ፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የሚወጣውን ምእመን ሁሉ ጠየቀች።

ማታ ወረቀቶቿን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ስትደምር እናቷ ከሥራ ገቡ።

«ምን አገኘሽ ልጄ?»

«ወገናችን ደህና ነው እማዬ፤ አብዛኛው በስድስት ወር ውስጥ ሐኪም አይቷል።»

«ማንን ጠይቀሽ?»

«ቤተ ክርስቲያን የመጡትን።»

«እሁድ እኔ የት ነኝ?»

ልጅቱ ዝም አለች። እናቷ እሁድ እሁድ ግሮቭፖርት አካባቢ ባለ መጋዘን ካርቶን ሲያሽጉ ነው የሚውሉት።

ከሕዝቡ መካከል ለጥናት የሚጠየቁት ጥቂቶች ናሙና ይባላሉ። ናሙና እንደ ወጥ ቅምሻ ነው፤ ድስቱ ካልተማሰለ ከላይ የተጨለፈው የታችኛውን ጨው አይናገርም። ብዛትም ብቻውን አያድንም። በ1936 እ.ኤ.አ. ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ከሁለት ሚሊዮን በላይ መልስ ሰብስቦ ላንደን ፕሬዚዳንት ይሆናል አለ። ሩዝቬልት ግን ከ48ቱ ክፍለ ግዛቶች 46ቱን አሸነፈ። አድራሻዎቹ በብዛት የተወሰዱት ከስልክና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ ስለነበር ድሃው በአብዛኛው አልተጠየቀም፤ ከተጠየቁትም መልስ የላኩት ጥቂቶቹ ነበሩ።

«እስቲ ቁጥሩን አንብቢልኝ» አሉ እናቷ።

ልጅቱ ከመልሶቹ አምስቱን አነበበች፦ 2፣ 3፣ 4፣ 6 እና 60 ወር። ተደምሮ ለ5 ሲካፈል የሚገኘው አማካይ ይባላል፤ እሱም 15 ወር ነው። በቅደም ተከተል ሲሰለፉ መሐል ላይ የሚቆመው ደግሞ ሚዲያን ይባላል፤ እሱ 4 ወር ነው። አንድ ሰው ብቻ አማካዩን ያን ያህል ሲጎትተው ሚዲያኑ ብዙም አልተነቃነቀም። ልጅቱም 60ን «ከሌላው የራቀ ነው፣ ውጤቱን ያበላሻል» ብላ ልትሰርዘው አስባ ነበር።

«አምስት ዓመት ሐኪም ያላየው ሰው ነው የሚሰረዘው?» አሉ እናቷ። «እንግዲያው እኔንም ጽፈሽ ሰርዢኝ። ሰባት ዓመቴ ነው።»

ልጅቱ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። በአንድ ቤት እየኖሩ ይህን አታውቅም ነበር።

84 ወር ሲጨመርበት አማካዩ 26 ወር ተኩል፣ ሚዲያኑ 5 ወር ሆነ። ከሌሎች ርቆ የሚገኝ ቁጥር አንዳንዴ የአጻጻፍ ስህተት ነው፤ አንዳንዴ ግን እውነተኛ ሰው ነው። ሳያጣሩ መሰረዝ አይገባም።

በሚቀጥለው ሳምንት ልጅቱ መጠይቋን ይዛ በክሊቭላንድ አቬኑ ሱቆች፣ በመስጊድ ደጃፍ፣ የሌሊት ሠራተኞች ፈረቃ በሚለዋወጡበት ሰዓትም ዞረች፤ ሁሉም የመጠየቅ ዕድል እንዲያገኝ። ከዚያ በፊት ግን ሰኞ ጠዋት ስልክ ደውላ ለእናቷ የሐኪም ቀጠሮ ያዘች።