ልትጭንባት ነው ልትጋልባት?

ስለ መኪና ስናወራ ሁላችንም የምንረባረበው ሞተር ላይ ነው። “ስንት ሲሲ ናት?”፣ “ዳገት ላይ እንዴት ናት?” እንባባላለን። ስለ ጎሚኒ የሚጠይቅ ጉብል ግን እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። ለማታውቁት፦ ጎሚኒ ማለት የመኪናውን እግር የሚይዘው የብረት ክንድ ከሻንሲው ጋር በሚታሰርበት ቦታ የሚገባ፣ በሁለት ብረት መሐል የተጣበቀ ላስቲክ ነው። በጣም ትንሽ ዕቃ ነው። ሲያልቅ ግን መሪው በእጃችሁ ሆኖ መኪናዋ የራሷን መንገድ ትሄዳለች።

የኔዋ እ.ኤ.አ. የ1998 ሥሪት ኮሮላ ናት፤ 1.6 ሞተር፣ አምስት ማርሽ። ከኔ በፊት የነበራት ሰው ዝቅ አድርጓት ሰፊ ጎማ ስላስገባላት፣ በእንጅባራ ደረጃ “ስፖርት” ናት (መሳቅ ይቻላል)። በሥራ ቀን ከእንጅባራ ዳንግላ እመላለስባታለሁ። ወር በገባ ቁጥር ደግሞ ወገቧን የሚያማትን እናቴን ለክትትል ባህር ዳር አደርስባታለሁ፤ 120 ኪሎ ሜትር ግድም ነው።

ባለፈው ክረምት ይቺ “ስፖርት” ፍሬን ስይዝ ወደ ግራ መሳብ ጀመረች። ጉድጓድ ስትገባ ደግሞ “ኳ!” ትላለች። በዚህ መንገድ የሚያልፍ ሰው ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ ይገባዋል። አዲስ ቅዳም ላይ በቀኝ የፈረስ ጋሪ አለ፤ በግራ የዲከረንስ ከሰል እስከ ሰማይ የጫነ አይሱዙ ይመጣል። በዚህ መሐል ወደ ግራ የምትስብ መኪና ይዞ ፍሬን መርገጥ… እናንተው ጨርሱት።

ዳንግላ ያሉ አንድ አንጋፋ መካኒክ መኪናዋን በክሪክ አንስተው፣ ረጅም ብረት አስገብተው ነቅነቅ አደረጓትና “የታችኛው ክንድ የኋላ ጎሚኒ ተቀዷል” አሉ። ፍሬን ሲያዝ ጎማው ወደ ኋላ ይገፋል፤ ያንን ግፊት የሚቀበለው በዋናነት እሱ ነው። እሱ ከተቀደደ ክንዱ ከቦታው ይሸሻል፣ የጎማውም አቅጣጫ አብሮ ይዛነፋል። መሳቧ ከዚህ የመጣ ነበር።

ከዚያ ምርጫው መጣ። ሁሉም አማካሪ ሆነ።

አንዱ ጓደኛዬ “ቶርኖ ቤት አስቀርጸው” አለኝ። ከከባድ መኪና ጎማ ተቆርጦ ወይም ከናይለን ተቀርጾ በአንድ ቀን ይደርሳል፣ ዋጋውም ቅናሽ ነው። ቶርኖ ቤቶቻችንን አልንቅም፤ ስንቱን አይሱዙ ከመንገድ ዳር አንስተው ለቤቱ አብቅተዋል! ነገር ግን የኮሮላ ጎሚኒ ላስቲኩ ከብረቱ ጋር ተጣብቆ፣ ክንዱ ሲወርድና ሲወጣ አብሮ እየተጠማዘዘ የሚመለስ ነው። የተቆረጠ ጎማ አይጣበቅም፤ ውስጥ ለውስጥ እየተንሸራተተ ራሱን ይበላል። ናይለን ደግሞ ንዝረቱን ሳይቀንስ ለአካሉ ያቀብላል።

ዱባይ ያለው የአክስቴ ልጅ በበኩሉ “ፖሊዩሬታን ልላክልህ፣ የሬስ መኪና ነው የምትሆነው” አለኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልቤ ሸፍቶ ነበር። ፖሊዩሬታን ከላስቲክ ጠንከር ይላል፣ ዘይት ቶሎ አያበላሸውም፣ መሪውም ወዲያው ይታዘዛል። ግን ያ ጥንካሬ በነጻ አይገኝም። የመንገዱን ኮረኮንች በሙሉ ወደ ውስጥ ያስገባዋል። አብዛኛው ዓይነት በብረቱ ላይ እየዞረ ስለሚሠራ ግሪስ ይፈልጋል፤ የኛ ጭቃና አሸዋ ሲገባበት ደግሞ ይንጫጫል።

ይህንን ለመካኒኩ ስነግራቸው ከመኪናዋ ሥር ሳይወጡ “እናትህን ልትጭንባት ነው ልትጋልባት?” አሉኝ።

የፈረስ አገር ሰው ንግግር! ጥር 23 እንጅባራ ላይ ተሸልሞ የሚጋልበውን ፈረስ በማግስቱ ድንች ጋሪ ላይ የሚያስር ሰው አለ? ሁለቱም ፈረስ ናቸው፣ ሥራቸው ግን ለየቅል ነው። የላስቲክ ልስላሴ ስንፍና አይደለም፤ ሥራው ነው። ጉድጓዱ እናቴ ወገብ ላይ ከመድረሱ በፊት መሐል ገብቶ ድርሻውን ይቀበላል።

ስለዚህ ለክንዶቹ ኦርጅናል ላስቲክ ገዛሁ። ፖሊዩሬታኑን ያስላክሁት መኪናዋ ኩርባ ላይ እንዳታጋድል ለሚይዛት የስታቢላይዘር ባር ብቻ ነው፤ እዚያ ቦታ ጥንካሬው ይጠቅማል፣ ምቾት ላይ የሚያመጣው ጉዳትም ትንሽ ነው።

ኦርጅናሉን ከኮፒው በካርቶኑ አትለዩት፤ ካርቶን ማተም ቀላል ነው። ላስቲኩና ብረቱ የተጣበቁበትን ዙሪያ እዩ፤ ክፍተት ካለው ተዉት። በጥፍር ስትጫኑት ደርቆ ስንጥቅጥቅ የሚል ከሆነም መጋዘን ውስጥ አርጅቷል።

ከመካኒኩ የተማርኩት ትልቁ ነገር ግን የአጠባበቁ ነው። የክንዱ ብሎን ጥርቅም ተደርጎ የሚታሰረው መኪናዋ ከክሪክ ወርዳ በአራት እግሯ ከቆመች በኋላ ነው። እግሩ ተንጠልጥሎ ሳለ ከጠበቀ፣ መኪናዋ ስትወርድ ላስቲኩ ገና ሳይሠራ ተጠማዝዞ ይቀራል፣ ቶሎም ይቀደዳል። ስንቱ አዲስ ጎሚኒ በዚህ ምክንያት “ፎርጅድ ነው” ተብሎ ተሰድቧል! ከዚያ በኋላ አላይመንት ማስተካከል ግዴታ ነው።

ለአንዲት ላስቲክ ይሄ ሁሉ ወሬ ለምን ትሉ ይሆናል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ የመለዋወጫ ዋጋ ከዚያ ወዲህ የት እንደደረሰ ኪሳችሁ ይንገራችሁ። ያቺን አሮጌ ኮሮላ ገና ብዙ ዓመት አብረናት እንኖራለን። ስለዚህ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት የመካኒኩን ጥያቄ ራሳችሁን ጠይቁ። ጋላቢዎች ከሆናችሁ ፖሊዩሬታኑን ግዙ፣ ማንም አይከለክላችሁም። እናት፣ ልጅ፣ ጎረቤት የምትጭኑ ከሆነ ግን ለላስቲክ ክብር ስጡት።

ክረምቱ ሳይገባ ደግሞ እግሯን አስፈትሹ። መልካም መንገድ!