ሳጥኖቹ ፊደል የሆኑ ለት

ከመገናኛ ተነስታችሁ ወደ ሲኤምሲ ስትወጡ፣ ዛሬ ባቡሩ ጉርድ ሾላ አንድ፣ ጉርድ ሾላ ሁለት እያለ በሚቆምበት መንገድ ዳር፣ ድሮ አንዲት ሰማያዊ ኮንቴይነር ነበረች። በሯ ላይ በነጭ ቀለም «ሞባይል እንጠግናለን፣ ፍላሽ እናደርጋለን፣ ዲኮድ እንሠራለን» የሚል በእጅ ተጽፎባታል። ከውስጧ የቲነርና የሚቀልጥ ሊድ ሽታ ይወጣል፤ ከጎኗ ደግሞ ጀበና ዘርግታ የምትቀመጥ ሴት ነበረችና፣ የቡናው ጭስ ከሊዱ ጭስ ጋር ተቀላቅሎብኝ እስከ ዛሬ አንዱ ሲሸተኝ ሌላው ትዝ ይለኛል። ዘመኑ 2005 ዓ.ም. ነው። የባቡሩ ሥራ መንገዱን ከመሃሉ ሰንጥቆት፣ በበጋ አቧራው የዛፉን ቅጠል ሁሉ ግራጫ ያለብሰዋል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ጭቃውን ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለልን እንሻገረዋለን።

ቤታችን የገባው የመጀመሪያው ስማርት ስልክ ሳምሰንግ ጋላክሲ ዋይ ነበር። ቤይሩት የምትሠራው ታላቅ እህቴ ናት በሰው እጅ የላከችልን፤ ስክሪኑ ሦስት ኢንች፣ መዳፍ እንኳ የማይሞላ ትንሽዬ ስልክ። እማዬ በመሐረብ ጠቅልላ ጉያዋ ውስጥ ነበር የምታስቀምጠው። ሲንጫረር መሐረቡን እስክትፈታ ድረስ ይዘጋባታል፤ ያን ጊዜ «ቆይ እንጂ ልጄ፣ መጣሁ» ትለዋለች ለስልኩ።

እህቴ በዚያን ዘመን አማርኛዋን በእንግሊዝኛ ፊደል ነበር የምትጽፈው። እማዬ ደግሞ የምታውቀው ሀ ሁን ነውና፣ ትምህርት ቤት ውዬ እስክመለስ ትጠብቀኝና እኔ አነብላታለሁ። ሴት ልጅ ለእናቷ ብቻ የምትለው ነገር አለ፤ በታናሽ ወንድም አፍ ማለፍ ያልነበረበት። ይኼን የተረዳሁት ከዓመታት በኋላ ነው። የፋሲካ ሰሞን ግን እህቴ አማርኛ የሚጽፍ አዲስ ስልክ ገዛችና በቀጥታ ለእማዬ ጻፈችላት። እማዬ መሐረቡን ፈትታ ስትከፍተው ያገኘችው ፊደል አልነበረም፤ በሰልፍ የቆሙ ባዶ ሳጥኖች ነበሩ። አላጠፋቻቸውም። ማታ ማታ እየከፈተች፣ በጣቷ እየዳሰሰች፣ «ይኸው እዚህ ውስጥ ናት» ትለኝ ነበር።

እውነትም እዚያ ውስጥ ነበረች። ፊደላችን ዩኒኮድ ከሚባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ የገባው እንደ ፈረንጆቹ በ1999 ነው፤ ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው። ቁጥሩ ከቤይሩት ተነስቶ ጉርድ ሾላ ድረስ አንዳች ሳይጎድልበት በሰላም ይገባል። የእኛ ስልክ ግን አንድሮይድ 2.3 ነበረና የፊደሉን መልክ የያዘ ፎንት በሆዱ የለውም፤ መልኩን ያላወቀውን ሁሉ በሳጥን ይተካዋል። በላቲን 160 ፊደል የሚይዝ አንድ መልእክት በግእዝ 70 ብቻ ነው የሚይዘው፤ ስለዚህ እህቴ ያንን ሁሉ ሳጥን የላከችው የሦስት መልእክት ሒሳብ እየከፈለች ነበር።

መላ አልጠፋም። ኦፔራ ሚኒን የምታስታውሱ፣ አድራሻው ቦታ ላይ «ኦፔራ ኮንፊግ» ብለን ጽፈን፣ የሚመጣውን ገጽ እስከ ታች ወርደን፣ የመጨረሻዋን «ኖ» ወደ «የስ» ስንቀይራት አማርኛው ሥዕል እየሆነ ይመጣልን እንደነበር አትረሱም። ሥዕል ስለሆነ ሒሳብ ይበላል፤ ቢሆንም ያየ ሁሉ ለጎረቤቱ ያስተምራል። ይህ ግን ለኢንተርኔት እንጂ ለመልእክት አይሠራም። ለመልእክቱ ፎንቱን ራሱን ስልኩ ሆድ ውስጥ ማስገባት ያስፈልጋል። ለዚያ ደግሞ ስልኩ ሩት መደረግ ነበረበት።

ሩት ማለት ሥር ማለት ነው። ስልክ እንደ ቤት ነው፤ ሳሎኑ ለባለቤቱ ክፍት ነው፣ ጓዳውን ግን ፋብሪካው ቆልፎ ነው የሚሰጠው። የጓዳው ቁልፍ ከኢንተርኔት ቤት፣ ደቂቃ እየቆጠርኩ ያወረድኳት አንዲት ትንሽ ፋይል ነበረች። ሜሞሪ ካርዱ ላይ ጫንኳት፤ ስልኩን አጠፋሁና የድምፅ መጨመሪያውን፣ የመሃሉን ቁልፍና ማብሪያውን ባንዴ ተጭኜ ያዝኩ። ጥቁር ገጽ ላይ የተደረደሩ ጽሑፎች መጡ፤ መረጥኩ፣ ጠበቅኩ። ሲነሳ «ሱፐር ዩዘር» የሚል አዲስ ምልክት ከሌሎቹ መሃል ተቀምጦ አገኘሁት። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ እንደዚያን ቀን ባለቤትነት ተሰምቶኝ አያውቅም።

ቀሪው ሥራ እንዲህ ነው። የፎንቶቹን ማኅደር ትከፍቱና የቻይናና የጃፓን ፊደል የያዘውን ፋይል ስሙን ቀይራችሁ ገለል ታደርጉታላችሁ፤ ከዚያ ግእዝ ያለበትን በእርሱ ስም በእርሱ ቦታ ታስቀምጣላችሁ። በመጨረሻም ፈቃዱን ትሰጣላችሁ፤ ለባለቤቱ ማንበብና መጻፍ፣ ለቡድኑ ማንበብ፣ ለሌላው ሁሉ ማንበብ፣ በድምሩ አራት ምልክት። እኔ በጉጉት እጄ እየተንቀጠቀጠ አራቱን ምልክቶች ረሳኋቸው። አጥፍቼ ሳበራው ስልኩ ሎጎ ላይ ቆመ። ባትሪውን ነቅዬ መለስኩ፤ ሎጎ ላይ ነው። እማዬ ምንም አላለችኝም፤ ነጠላዋን አጣፍታ «ተነስ፣ እንሂድ» ብቻ አለችኝ።

የኮንቴይነሩ ልጅ ስልኩን አገላብጦ አየና፣ «ማዘር፣ ይነሳል። ሜሴጁ ግን ይጠፋል» አላት። እማዬ ጥቂት ዝም ብላ፣ «እሷ ደህና ትሁን እንጂ ትጽፈዋለች» አለችው። ስልኩን ፍላሽ የሚያደርገውን፣ ማለትም ሲስተሙን እንደ አዲስ የሚጭነውን፣ ኦዲን የሚባለውን ፕሮግራም የከፈተው በትልቁ ኮምፒውተር ሳይሆን በላፕቶፑ ነበር። ለምን ብዬ ስጠይቀው፣ «ፍላሽ እየሆነ መብራት ከሄደ ስልኩ እስከ ወዲያኛው ሊሞት ይችላል፤ ላፕቶፕ ባትሪ አለው» አለኝ። ገመዱን ሲሰካ አንዲት ሳጥን ቢጫ ሆነች፤ «ጀምር» የሚለውን ተጫነ። ግማሽ ላይ ሳይደርስ መብራት ሄደ። የሠፈሩ ድምፅ ሁሉ ባንዴ ጸጥ ሲል የላፕቶፑ ብርሃን ብቻ ፊታችን ላይ ቀረ፤ ሦስታችንም ትንፋሻችንን ይዘን የምትሞላውን መስመር እናያለን። ከዚያ ሳጥኗ አረንጓዴ ሆነች፤ «ፓስ» ትላለች። ያ አረንጓዴ የኮንቴይነሩን ቆርቆሮ ከዳር እስከ ዳር አበራው፤ እማዬ እልል ልትል ምንም አልቀራት።

እዚያው ሩቱን ደግመን ሠራነው፤ አራቱን ምልክቶች ግን እኔ ራሴ እንዳደርጋቸው ስልኩን እጄ ላይ መለሰልኝ። ማታ ለእህቴ ሚስ ኮል አደረግንላት፤ ደወለች፤ «ያንኑ ደግመሽ ጻፊው» አለቻት እማዬ። መልእክቱ ሲገባ ከሰል ላይ ቡና እየተቆላ ነበር። እማዬ መነጽሯን አድርጋ፣ ስልኩን ወደ ኩራዙ ጠጋ አድርጋ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች እንደ ዳዊት ደጋሚ ፊደል በፊደል ወረደችበት። ምን እንደሚል አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። ቡናው ግን አረረ።

በማግስቱ ድፎ ዳቦ በመሶብ ተደርጎ ወደ ኮንቴይነሩ ሄደ። ከዚያ ወዲህ እኔም ትምህርት ቤት ሳይኖረኝ ከልጁ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጬ እማር ነበር። ሠፈሩ ሁሉ ስልኩን ይዞ ይመጣል፤ አንዱ «ሳጥን ሆነብኝ» ይላል፣ ሌላው «የድሮውን መልሱልኝ» ይላል። ስቲቭ ኮንዲክ የሚባል ሰው የጀመረውን፣ የፋብሪካውን ሲስተም የሚተካውን ሳያኖጅንሞድን በፍላሽ እየተቀባበልን ሞከርነው፤ ሰማያዊ ቀለበቱ ሲሽከረከር ለማየት ብቻ ተሰብስበን እንቆም ነበር። እሱም እንደ ፈረንጆቹ በ2016 መጨረሻ ተዘግቶ ላይኒጅ ኦኤስ በሚል ስም ቀጠለ።

ኮንቴይነሯ ተነሳች፤ ባቡሩ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ በኋላ የመጡት ስልኮች ፊደላችንን ከፋብሪካው ይዘው መጡ። ዛሬ ስልኩን ሩት ያደረገ ሰው ብዙ የባንክ መተግበሪያዎች አይከፈቱለትም፤ ብር ያለበት ቤት ጓዳው ቢቆለፍ አይፈረድበትም። ጋላክሲዋ ዋይ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ፣ በዚያው መሐረብ ተጠቅልላ አለች፤ ባትሪዋ አብጧል፣ ሜሞሪ ካርዷ ላይ ያቺ ትንሽ ፋይል እንዳለች ነው።

እማዬ አሁን ትልቅ ስክሪን ያለው ስልክ አላት። ሆኖም መልእክት በገባ ቁጥር ከመክፈቷ በፊት ዛሬም ትጠራኛለች። «ና እስቲ አጠገቤ ሁን» ትለኛለች፤ ትከፍተዋለች፤ ትንሽ ታየዋለች፤ ከዚያ «ፊደል ነው፣ ሂድ» ትለኛለች።