ከጥምቀት በኋላ ያለው ቤት

የጥምቀት በዓል ካለፈ በኋላ የሚመጣውን የደባርቅን ሌሊት ያላየ ሰው ብርድን ዐውቃለሁ ቢል ለማመን ያስቸግረኛል። በትምህርት ቤት ሳለን እንግሊዝኛ የሚያስተምሩን መምህር «ዊንተር» ማለት ክረምት ነው ብለው አስጽፈውን ነበር። ነገሩ በመዝገበ ቃላት ዘንድ እውነት ሊሆን ይችላል፤ በሰሜን ተራራ አጠገብ ግን ትርጕሙ አይገጥምም። በእኛ አገር ክረምት ዝናምና ጭጋግ ነው እንጂ፣ ሜዳው ውርጭ ለብሶ የሚያነጋው ሰማዩ ጥርት ባለበት በበጋ፣ በታኅሣሥና በጥር ነው። ይኸውም ደመና በሌለበት ሌሊት ምድር ቀን ከፀሐይ የተቀበለችውን ሙቀት የሚይዝላት መሸፈኛ ስለማታገኝ ነው። ከተማዪቱም ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት።

ይህ ብርድ የሚሰማን ቤታችን ባዶ በሚሆንበት ጊዜ ነው። ለገና የተጎዘጎዘው፣ ለጥምቀትም የታደሰው ቄጤማ ከቃና ዘገሊላ በኋላ ደርቆ ተጠርጎ ይወጣል፤ የተዋስነው ወንበር ወደ ጎረቤት ይመለሳል፤ ጋኑም ታጥቦ ይደፋል። በስዊድን አገር የገናን ዛፍ ከቤት የሚያወጡበት ቀን እንኳ የታወቀ ነው፤ በእነርሱ አቈጣጠር ጃንዋሪ 13፣ በእኛ ጥር 5 ቀን ነው። እኛ ቤትን ለበዓል ማስጌጥ እናውቃለን፤ በዓሉ ትቶት ለሚሄደው ብርድ ማስጌጥን ግን፣ የሌላውን ባላውቅም፣ እኔ አስቤው አላውቅም ነበር። ያሳሰበኝ የአባቴ መምጣት ነው።

አባቴ የቆላ ሰው ናቸው። ቤታቸው ከሊማሊሞ ገደል ሥር፣ በዛሪማ በኩል ነው። ጣልያን በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ በገደሉ ላይ የቈረጠው ጠመዝማዛ መንገድ ሰውን ከ1,000 ሜትር በላይ ቍልቍል ያወርዳል። በየ1,000 ሜትሩ አየሩ 6 ወይም 7 ዲግሪ ያህል ስለሚለወጥ፣ ጧት ጋቢ ደርቦ ከደባርቅ የተነሣ መንገደኛ ዛሪማ ሲደርስ ጋቢውን በክንዱ ይዞ ይወርዳል። አባቴ ባለፈው ዓመት ይህን መንገድ ሽቅብ ወጡት። ጎንደር ሄደው የዐይናቸው ሞራ ከተገፈፈላቸው በኋላ፣ ሐኪሙ ደግሞ እስኪያያቸው ድረስ እኛ ዘንድ መሰንበት ግድ ሆነባቸው። በመጀመሪያው ሌሊት መደቡ ላይ አድረው ጧት ሲነሡ፣ «ልጄ፣ ይህ ቤት ከደጅ በምን ይለያል?» አሉኝ።

የምንኖርበት የኪራይ ቤት የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ክዳን ያለው ነው። ግድግዳው ተሰነጣጥቆ ስለነበር በቀዳዳው ንፋስ ይገባል። ባለቤቴ የዳባት ልጅ በመሆኗ የወገራን ብርድ ከልጅነቷ ታውቀዋለች፤ ጭድ ያለበት ጭቃ አቡክታ ስንጥቁን ሁሉ መረገችው፤ ወለሉንም በእበት ለቀለቀችው። እኔ ግን እንደ ጸሓፊነቴ ያማረኝ ወረቀት ነበር። ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታተመው አዲስ ዘመን ጋዜጣ በዚህ አገር ስንት ሰው አስተምሮ፣ ስንት ግድግዳ እንዳለበሰ የሚቈጥርለት የለም። አሮጌ ጋዜጣ ሰብስቤ፣ ዱቄት በውሃ አቅጥኜ እንደ አጥሚት አፍልቼ፣ ከወለል እስከ ጣራ ለጠፍሁት። ሥዕል ያለበትን ገጽ እንግዳ በሚቀመጥበት ፊት ለፊት አደረግሁ። ከቆርቆሮውም በታች ጆንያ ሰፍተን ኮርኒስ አበጀን፤ በመዝጊያው ሥር ጨርቅ ጠቀጠቅን፤ በመደቡ ላይ አጎዛና ባና ተነጠፈ። ባለቤቴ ባለቀለም ሰፌዶቿን በጋዜጣው ላይ ስትሰቅል፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቤቱ ከበዓሉ ቀን ይልቅ አማረ። የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ መጥተው አደነቁ፤ እኔም ኰራሁ።

በአምስተኛው ቀን ማታ ብርዱ ስለበረታ፣ ፍም የሞላበትን የከሰል ማንደጃ ወደ ቤት አስገብተን ተኛን። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ባለቤቴ ሕፃኑን ልታጠባ ስትነሣ ራሷን አዞራት። አባቴን ብትጠራቸው አይመልሱም። በጩኸቷ ስነቃ እግሬ አልታዘዝ አለኝ፤ እንደ ምንም በሩን ከፍተን፣ ሕፃኑን አውጥተን፣ አባቴን ከነባናቸው እየጎተትን ወደ ግቢው አወጣናቸው። ውርጩ ላይ አጋድመናቸው ስማቸውን ስጠራ የቆየሁባት ጊዜ ምን ያህል እንደ ነበረች አላውቅም። በመጨረሻ አስታወካቸው፤ ከዚያም «ራሴን» አሉ። ያችን አንዲት ቃል እስከ ዛሬ እሰማታለሁ።

ሲነጋ ያያቸው የጤና ባለሙያ ነገሩን አስረዳን። ከሰል ሲነድ የሚወጣው መርዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ መውጫ በሌለው ቤት ውስጥ ተጠራቅሞ የተኛን ሰው ሳይነቃ ይገድላል። ስንረግመው የኖርነው ስንጥቅ ለካ በየዓመቱ ያተርፈን ኖሯል። እኔ ቤቱን ያስጌጥሁት ለሚተኛበት ሰው መስሎኝ ነበር፤ ነገር ግን ሥዕሉን ሳስተካክል የነበርሁት ከእንግዳው ወንበር ላይ ሆኜ ነው።

በማግሥቱ ከበሩ በላይ አንድ ስንዝር የሚሆን ቀዳዳ ቈረጥሁ፤ ያን የመሰለ ወረቀትና ምርግ ስቀድ ባለቤቴ ዝም ብላ አየችኝ። ማንደጃው ከደጅ ቀረ። የአባቴን መኝታ ማታ ወጥ ቤቱ ወደሚያሞቀው ግድግዳ አዞርነው፤ ሌላም ባና ጨመርንላቸው። ብርዱ አልጠፋም፤ አባቴም መማረራቸውን አልተዉም።

ዐይናቸው እየጠራ በሄደ ጊዜ ግን ያላሰብሁት ነገር መጣ። በልጅነታቸው የቄስ ትምህርት ቤት ገብተው ማንበብ የተማሩ ሲሆኑ፣ ሞራው ከጋረዳቸው ወዲህ ፊደል ለይተው አያውቁም ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ መደቡ ላይ ቆመው፣ ጣታቸውን በግድግዳው ላይ እያስኬዱ፣ ዳዊት እንደሚደግም ሰው በዜማ ጋዜጣ ሲያነቡ አገኘኋቸው። በየቀኑ ከአንዱ ማእዘን ወደ ሌላው እየተዛወሩ ያነቡ ጀመር። ገልብጬ የለጠፍሁትን አንድ ገጽ አንገታቸውን አዙረው ከጨረሱት በኋላ፣ «የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ ትላለህ እንዴ?» አሉኝ። ከሁሉ ያበሳጫቸው ግን በአራጣ አበዳሪና በገበሬ መካከል ስለ ተደረገ ክርክር የሚተርከው ጽሑፍ ነው፤ ፍርዱ ሊነገር ሲል «ወደ ገጽ 7 ዞሯል» ይላል።

በየካቲት ሐኪሙ አሰናበታቸው። ወደ ሊማሊሞ የሚወርደው አውቶቡስ እስኪሞላ አብሬያቸው ቆምሁ። ጋቢያቸውን ገና ሳይሳፈሩ ከትከሻቸው አውርደው አጥፈውታል።

«ያ ገበሬ ተፈረደለት?» አሉኝ።

«ገጽ 7 በጀርባው ተለጥፏል፣ አባዬ፤ አይታይም።»

«እንግዲያስ ቤቱን ስትለቁ ላጡትና ላኩልኝ» ብለው ደረጃውን ወጡ።