ደብረ ታቦርን በጓዳዋ በኩል

በጃፓን አገር ራመን የሚባል ምግብ አለ። የስንዴ ሊጥ እንደ ክር ቀጥኖ ተቀቅሎ በትኩስ መረቅ የሚበላ ሲሆን፣ መነሻው ከቻይና ነው። ወደ ቶኪዮ የሄደ እንግዳ ገንዘብ ከፍሎ፣ መሪ ተከትሎ፣ ከአንዱ ራመን ቤት ወደ ሌላው እየዞረ ይቀምሳል። ይህን ባነበብሁ ጊዜ በራሴ አፈርሁ። በደብረ ታቦር የታሪክ መምህር ሁኜ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ የማውቀው ግን ከትምህርት ቤቱ እስከ ኪራይ ቤቴ ያለውን መንገድና ምሳ የምበላበትን አንድ ምግብ ቤት ብቻ ነበር።

መሪ አላጣሁም። አባባ እያልሁ የምጠራቸው የትምህርት ቤታችን ዘበኛ ሐሳቤን ሰምተው ሳቁና፣ ‹‹ልጄ፣ እዚህ ጥሩው ቤት ሁሉ ሰሌዳ የለውም። ቅዳሜ ጧት ሆድህን ባዶ አድርገህ ና›› አሉኝ።

ወደዚህ ላልመጣ አንባቢ የአገሩን አቀማመጥ ላስረዳ። ከባሕር ዳር ተነሥተው መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛሉ። መጀመሪያ የፎገራ ሜዳ ነው፤ በክረምት ውኃ የሚተኛበት፣ ዛሬ ሩዝ የሚበቅልበት ጠፍጣፋ አገር። ከወረታ በኋላ መንገዱ ዳገቱን ይይዛል፤ ከተማይቱ ዘንድ ሲደርሱ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ነዎት። ከኋላዋ ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚወጣው ጉና ቆሟል። እንግዲህ ከታች ሩዝ፣ ከላይ ገብስና ድንች፣ በመካከል ጤፍ፤ ሁሉም የሚገናኘው በደብረ ታቦር ድስት ውስጥ ነው። ስለ ጋፋትና ስለ ሴባስቶፖል መድፍ ብዙ ተጽፏልና እኔ እዚህ አልደግመውም።

የመጀመሪያው ቤታችን ቤት አልነበረም። አንዲት ሴት በመንገድ ዳር ድስቷን በጨርቅ ጠቅልላ ከነልጣጩ የተቀቀለ ድንች ትሸጣለች። አባባ ጎንበስ ብለው ልጣጩ የተሰነጠቀውን ብቻ መረጡ። ‹‹የተሰነጠቀው ዱቄት ነው፤ ለስላሳው ውኃ ነው›› አሉ። በአዋዜ እየነከርን ቆመን በላን። የጉና ብርድ ጣት በሚያደነዝዝበት ሰዓት ትኩስ ድንች መያዙ ብቻውን ግማሽ ቁርስ ነው።

ሁለተኛው፣ ከአንድ ግቢ ኋላ የተጠጋ ሽሮ ቤት ነበር። ተጋቢኖው በሸክላ እየፈላ ቀረበ። ስለ ሽሮው ብዙ አልናገርም፤ ጥሩ ነበር። ነገሩ ከእንጀራው ላይ ነው። ነጭ፣ ዓይኑ ያማረ እንጀራ ነበርና ‹‹ማኛ ጤፍ ነው›› ብዬ አዋቂ መሰልሁ። አባባ አንድ ቁራሽ አጥፈው ወደ ብርሃን አነሡና ባለቤቲቱን፣ ‹‹ስንት እጅ ሩዝ ነው?›› ብለው ጠየቁ። ‹‹እኩል በእኩል›› ስትል ሳትሸሽግ መለሰች፤ የጤፍ ዋጋ ሲወጣ የሩዙ እጅ ይበዛል። ሩዝ ለፎገራ የቆየ እህል አይደለም። በ1970ዎቹ በደርግ ዘመን ከሰሜን ኮሪያ የመጡ ባለሙያዎች ያስለመዱት ነው። ቀድሞ በክረምት ውኃ ይውጠው የነበረው መሬት ዛሬ የከተማውን ምጣድ ይሸፍናል። ‹‹ጉድለቱ ግን›› አሉ አባባ፣ ‹‹የሩዝ እንጀራ ጧት ሐር፣ ማታ ቁርበት ነው።›› በእርግጥም ማለዳ ካልበሉት ይደርቃል።

ሦስተኛውን ቤት ያገኘነው በምልክቱ ነው፤ ከአጥሩ በላይ በእንጨት ጫፍ ላይ የተደፋ ጣሳ። ጠላ ቤት ነው ማለት ነው። እውነቱን ልናገርና፣ ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ምልክት ባየሁ ቁጥር መንገድ እቀይር ነበር፤ ለመምህር አይገባም የሚል ሐሳብ ከየት እንደያዘኝ አላውቅም። አባባ እጄን ይዘው አስገቡኝ።

በመደቡ ላይ አምስት ስድስት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ የገብስ ቆሎ በሰፌድ ቀርቧል። አባባ ገና ሳይቀመጡ ወግ ጀመሩ፤ ወጉም የደጃዝማች ውቤ ነበር። በ1834 ዓ.ም. ውቤ ከስሜንና ከትግሬ ጦር ይዘው መጥተው ራስ አሊን በዚሁ በደብረ ታቦር ገጠሙ፤ ድሉም የውቤ ሆነ፤ ራስ አሊም ሸሹ። ነገር ግን ውቤ በድንኳናቸው ስለ ድሉ ሲጠጡ የራስ አሊ ወገን ብሩ አሊጋዝ ድንገት ደርሰው ማረኳቸው። ‹‹አሸንፎ በመጠጥ የተማረከ በዚህ አገር ብቻ ነው›› ሲሉ ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔ ይህን ታሪክ በክፍል አስተምረዋለሁ፤ አንድም ተማሪ ስቆ አያውቅም።

በዚህ መካከል ጠላ የሚቀዳው ልጅ ማሰሮውን ይዞ ከጓዳ ወጣ። አየኝ፤ አየሁት። የአሥረኛ ክፍል ተማሪዬ ነው። በዚያው ሳምንት ከክፍል ያስወጣሁት እርሱን ነበር፤ ጥፋቱም በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ መተኛቱ ነው። እጁ እየተንቀጠቀጠ ቀዳልኝና ወደ ጓዳ ተመለሰ።

እናቱ ማንነቴን ከአባባ ሰምተው መጡና ነጠላቸውን አስተካክለው ‹‹መምህር፣ ልጄ እንዴት ነው?›› አሉ።

‹‹ጎበዝ ነው እትዬ፤ ብቻ…›› ብዬ ዝም አልሁ።

‹‹ይተኛል፣ አይደለም?›› አሉ። ‹‹የእንኩሮ ሌሊት ከእኔ ጋር ያድራል።››

የጠላን ሥራ ለማያውቅ አንባቢ ይህ ቃል ምንም አይነግረውም፤ እኔም አላውቅም ነበር። ገሾው ተወቅጦ በውኃ ይዘፈዘፋል፤ ብቅል ሲገባበት ጥንስስ ይባላል። ቂጣ ተጋግሮ ይቆረስበታል። ከዚያ እንኩሮው አለ፦ ዱቄት በውኃ ርሶ በምጣድ ላይ ሳያርር እየታመሰ የሚበስል፣ እሳቱን ትቶ ለአፍታ መሄድ የማይቻልበት ሥራ። ይህ ሁሉ ተዋሕዶ ድፍድፍ ይሆንና በወይራ ጢስ በታጠነ ጋን ይቀመጣል፤ በመጨረሻ ውኃ ተጨምሮ ይጠለላል። እናቲቱ ቀን የሚሸጡ ስለሆኑ እንኩሮው የሚሠራው ሌሊት ነው። ‹‹ማክሰኞ ማክሰኞ›› አሉኝ። የእኔ የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ ደግሞ ረቡዕ ጧት ነው።

ጠላው መረር ያለ፣ የጢሱ ሽታ ከአፍ ቶሎ የማይጠፋ ነበር። በዚህ አገር ከወፍራሙ ከኮረፌ ጋር ሲወዳደር ቀላል ነው ይላሉ፤ ኮረፌውን ለሌላ ቅዳሜ ቀጥረነዋል። ስንወጣ ሒሳብ ብጠይቅ እናቲቱ ‹‹ከልጄ መምህር?›› ብለው ተቆጡ። አባባ ግን በዓይናቸው ጠቅሰውኝ ብሩን ከጣሳው ሥር አኖሩት፤ እንዲህ ያለውን ነገር እርሳቸው ያውቁበታል።

አንባቢዬ ደብረ ታቦርን ሊያዩ ቢመጡ፣ ብቻዎን አይዙሩ፤ ከነዋሪው አንድ ሽማግሌ ይለምኑ፤ የድንቹንም ስንጥቅ አይርሱ።

ረቡዕ ጧት ልጁ በሦስተኛው ረድፍ ክንዱን ተንተርሶ ተኝቶ አገኘሁት። ተማሪዎቹ አስወጣዋለሁ ብለው ወደ በሩ ይመለከቱ ነበር። የዕለቱን ትምህርት በሁለት ገጽ ጽፌ ከደብተሩ ሥር አኖርሁለትና ወደ ሰሌዳው ተመለስሁ።