መግነጢስ የሚለው ቃል

መምህራችን ከተሰበረ ራዲዮ ውስጥ የወጣ ክብ መግነጢስ ይዘው ምስማር ሲስብ ባሳዩን ቀን ጓደኞቼ ምስማሩን አደነቁ፤ እኔን ግን የገረመኝ ስሙ ነበር። ሥራውን በራሳችን ቋንቋ «መሳብ» እንለዋለን፤ ሰው ሲወደድም «ልቤን ሳበው» እንላለን። ታዲያ መግነጢስ የሚለው ስም ከወዴት መጣ?

ብመረምር ከጽርዕ ቋንቋ የመነጨ ሆኖ አገኘሁት። «ማግኔቲስ ሊቶስ» ማለት የማግኔስያ ድንጋይ ማለት ነው። ማግኔስያ በግሪክ አገር በቴሳሊ የሚገኝ ወረዳ ሲሆን፣ በታናሽ እስያም በዚሁ ስም የሚጠሩ ከተሞች ነበሩ። ዐረቦችም ቃሉን ተቀብለው መግናጢስ አሉት። በ1ኛው መቶ ዓመት የነበረው ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ ግን ሌላ ታሪክ ያወሳል፤ ይኸውም ማግኔስ የሚባል እረኛ ከብቱን ሲያግድ የጫማው ምስማርና የበትሩ ጫፍ ከድንጋይ ጋር ተጣብቀው ያዙት የሚል ነው።

እረኛ የሚለውን ሳነብ ኮሶዬ ትዝ አለችኝ፤ እኔም በዚያ ገደል አፋፍ በግ ስጠብቅ አድጌአለሁና። የስሜን ተራሮች ከእሳተ ገሞራ የወጣ ጥቁር ድንጋይ ናቸው፤ በውስጡም ማግኔታይት የተባለ የብረት ማዕድን አለ። ስለዚህ በዕረፍት ጊዜ መምህራችንን አስፈቅጄ መግነጢሱን ይዤ ወረድሁ። ጎርፍ በተወው አሸዋ ላይ ባሳልፈው ጥቁር ደቃቅ እንደ ጢም ተንጠለጠለበት።

አብሮኝ በግ ይጠብቅ የነበረው ጓደኛዬ ከአራተኛ ክፍል ትምህርቱን አቋርጦ ዛሬም እረኛ ነው። አሸዋውን አይቶ «ይህ ሁሉ ከእግራችን በታች ነበርን?» አለኝ። ስሙን እንድጽፍለት ስለ ጠየቀኝ በበትሩ መሬት ላይ ጻፍሁለት። መ፣ ግ፣ ነ ብሎ አነበበና ጢ ላይ ሲደርስ ቆመ። አፍሮ ፊቱን አዞረ፤ እኔም አፈርሁ። ከተማ ከገባሁ ወዲህ በየዕረፍቱ ስመለስ አንድ ቀን እንኳ መጽሐፍ ይዤለት አልሄድሁም ነበርና።

ፕላቶን «ኢዮን» በተባለው መጽሐፉ፣ ይህ ድንጋይ የብረት ቀለበትን ከመሳቡም በላይ ቀለበቱ ራሱ ሌላውን እንዲስብ ኃይል ይሰጠዋል ይላል። በምስማር ብትሞክሩት እውነት ነው፤ ምስማሩ ከመግነጢሱ እስካልተለየ ድረስ ሌላ ምስማር ያነሣል።

ውድ አንባብያን፣ እኛ ተማሪዎች የመጀመሪያው ምስማር ነን። በሚመጣው ዕረፍት ወደ ኮሶዬ ስሄድ የምይዘው መግነጢስ ሳይሆን የአራተኛ ክፍል የንባብ መጽሐፍ ነው። ከጢ እንጀምራለን።