«መንግሥት» የከፈለልን ክረምት

ዛሬ የምናወራችሁ ትንሽ የቆየ ጉዳይ ነው፤ የ2012 ዓ.ም. የኮሮና ሰሞን። «ደግሞ ኮሮና!» ብላችሁ ልትሰለቹ ከሆነ ቆዩማ፤ ወሬው ስለ በሽታው አይደለም። ስለ ደመወዝ ነው። (አሁን ተመቻችታችሁ ቁጭ አላችሁ አይደል?)

ገርጂ አካባቢ አንድ ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ቤት ተከራይተን የምንኖር ሦስት ጓደኛሞች ነበርን። አንዳችን የግል ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር፣ አንዳችን የሆቴል እንግዳ ተቀባይ፣ ሦስተኛው ደግሞ የአንድ ፌዴራል መሥሪያ ቤት ባለሙያ። ይህን የምንጽፈው የመጀመሪያዎቹ ሁለታችን ነን። ሦስተኛው ረቂቁን አንብቦ «ቁጥሩን ብቻ እንዳታሳስቱ» ብሎናል።

ቅጽል ስሙ «መንግሥት» ነበር። ያወጣንለት እኛ ነን። መብራት ሲጠፋ «መንግሥት፣ ምን ሆነህ ነው?» እንለዋለን። ውኃ ስትቋረጥ እንደዚያው። ጠዋት ጠዋት በነፃው የፐብሊክ ሰርቪስ አውቶቡስ ሲሄድ «መንግሥት በመንግሥት ተሳፍሮ» እያልን እንስቅ ነበር። ሳቁ እውነት ለመናገር ንፁሕ አልነበረም። እጁ ላይ የሚደርሰው 6,000 ብር ነው። መምህሩ ከትምህርት ቤቱ ደመወዝ ላይ ማታ ማታ ቤት ለቤት እየሄደ የሚያስጠናበት ተጨምሮ 12,000 ያህል ያገኛል። የሆቴሉም ልጅ መነሻ ደመወዙ ትንሽ ቢሆንም ሰርቪስ ቻርጁና ጉርሻው ሲደመር እዚያው አካባቢ ይደርሳል። «ለምን እዚያ ትበሰብሳለህ? ውጣ እንጂ!» ያላልነው ቀን የለም። እሱ ደግሞ «የመንግሥት እንጀራ ቀጭን ነው፤ ግን አይቋረጥም» ይላል። ይህን ሲል የአያቶቻችንን ዘመን ሰው እንመስለው ነበር።

የቤት ኪራዩ 4,500 ብር ነው። ለሦስት ሲካፈል 1,500፣ 1,500፣ 1,500። እኩል። ከመስከረም 2009 ዓ.ም. ጀምሮ እንዲህ ነው የከፈልነው። ይህን ቁጥር ያዙልን።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ታማሚ አገራችን ውስጥ መገኘቱ ተነገረ። ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ እንደ ወርቅ የተወደዱበት ሰሞን፣ ታስታውሳላችሁ? ከመጋቢት 16 ጀምሮ አብዛኞቹ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች ከቤታቸው እንዲሠሩ ተባለ። መጋቢት 30 ደግሞ ለአምስት ወር የሚቆየው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መጣ። እንደ ጣሊያን ሰው ከቤቱ እንዳይወጣ አልተከለከለም፤ ታክሲው በግማሽ ሰው፣ በእጥፍ ዋጋ ይሠራ ነበር። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ግን ክልክል ሆነ። እኛ ሦስት ነን፤ አራተኛው ችጋር ነበር። ሕጉን አልጣስንም ማለት ነው።

የሆቴሉ ልጅ መጀመሪያ ያጣው ሰርቪስ ቻርጁን ነው። እንግዳ ከሌለ እሱም የለም። በሚያዝያ የመነሻ ደመወዙ ግማሽ ብቻ ተከፈለው። በግንቦት አንድ ወረቀት አስፈረሙት፤ «ያለ ክፍያ ፈቃድ» ይላል። ፈቃዱን የጠየቀው እሱ አልነበረም፤ ፊርማው ግን የእሱ ነው።

የመምህሩ ታሪክ ደግሞ ረዘም ይላል። ትምህርት ሚኒስቴር የግል ትምህርት ቤቶች በተዘጉበት ጊዜ ከወርሃዊ ክፍያው ከ50 እስከ 75 በመቶ ማስከፈል ይችላሉ አለ። ወረቀት ላይ መልካም ነው። መምህሩ ትምህርቱን በስልኩ እየቀረጸ፣ በራሱ ካርድ፣ በቴሌግራም መላክ ጀመረ። ሌሊት ኔትወርክ ሻል ሲል እየተነሳ ቪዲዮ ሲጭን እናየው ነበር። የወሩ መጨረሻ ሲደርስ የትምህርት ቤቱ ባለቤት ሰበሰቧቸውና (በአራት በአራት እየከፋፈሉ!) «ወላጅ አልከፈለም፣ ግማሽ ነው የምችለው» አሏቸው። መምህሩ ተናዶ ለአንድ ሁለት ወላጅ ደወለ። የመጀመሪያው አባት አስጎብኚ ነው፤ ሥራ ካቆመ ሁለት ወር ሊሞላው ነው። «ወንድሜ፣ ምን ልክፈልህ?» አለው። ሁለተኛዋ እናት የመንግሥት ሠራተኛ ናት፤ ደመወዟ ሳይነካ እየገባ ነው። እሷም «ልጄ ቤት ነው ያለው፣ ለምኑ ነው የምከፍለው?» አለችው። ይህን ሰምቶ ስልኩን ዘጋና ወደ «መንግሥት» ዞረ። ምንም አላለውም፤ አየው ብቻ። ያ አስተያየት ቤታችን ውስጥ የክፉው ነገር መጀመሪያ ነበር ብንል አልተሳሳትንም።

ልጁ ምን አጠፋ? ምንም። እንዲያውም ቤት መዋሉ ያሳፍረው ነበር። «ከቤት ሥራ» ተብሏል እንጂ ላፕቶፕ የለው፣ ኢንተርኔት የለው። አለቃው በሳምንት አንዴ ይደውሉለታል፤ እሱ ደግሞ ስልኩን ይዞ ግቢው ውስጥ ይንቆራጠጣል። የፋሲካን ዶሮ የገዛው እሱ ነው። እኛ በላን፤ ከዚያም አማነው። ያለነውም ይህ ነው፦ «የእኛ ግብር ነው እኮ የሚቀልበው።» (እሱም እንደኛው ግብር እንደሚቆረጥበት ያን ሰሞን ረስተነው ነበር።)

የግንቦት ኪራይ ቀን ደረሰ። አከራያችን እትዬ የሟች ባላቸው ጡረታና የእኛ ኪራይ ናቸው የሚያኖሯቸው። መጥተው በር ላይ ቆሙ፤ ማስካቸው አገጫቸው ሥር ነው። «ልጆቼ፣ አዋጁ አታስወጡ፣ አትጨምሩ ብሏል፤ እኔም ሳልታዘዝ አላደርገውም ነበር። 3,600 ስጡኝና እንቻቻል» አሉን። 900 ብር ቀነሱልን ማለት ነው። ተንፍሰን ተመለስን። መምህሩ የተረፈችውን ግማሽ ደመወዝ ለጤፍና ለዘይት አውጥቷታል። የሆቴሉ ልጅ ኪስ ባዶ ነው። እናም የሆቴሉ ልጅ ያልነበረበትን ነገር ተናገረ፦

«አንተ ደመወዝህ አልተነካም። ቤት ቁጭ ብለህ ነው የምታገኘው። ፍትሐዊ እንዲሆን አንተ ክፈለዋ።»

«መንግሥት» እጁን ታጥቦ ተመልሶ ቁጭ አለ። ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም።

«ሦስት ዓመት ከስድስት ወር ኪራዩን እኩል ስንከፍል፣ እናንተ የእኔን እጥፍ ታገኙ ነበር። አንድ ቀን «አንተ ያንተን ቀንስ» ያለኝ አለ? ፍትሕ የምትባለዋን ዛሬ ነው የተዋወቃችኋት?»

ከዚያ በኋላ ያን ማታ ማንም አላወራም። በነጋታው ደሴ ላሉት እናቱ የሚልከውን ቀንሶ 3,600ውን ለእትዬ ከፈለ። የሰኔን ከፈለ። የሐምሌን፣ የነሐሴንም። መምህሩ ከሰኔ ጀምሮ ግማሹም ቀርቶበት ነበር፤ «የትምህርት ዘመኑ አልቋል» ተብሎ።

ጊዜው ሲረዝም፣ ሥራ የፈታ ሰው አይደለን፣ ሕጉን ማንበብ ጀመርን። ደንብ ቁጥር 466/2012 አሠሪ ሠራተኛውን እንዳያሰናብት ይከለክል ነበር። እሰየው! ግን ማሰናበት ሌላ፣ መክፈል ሌላ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ሥራ ቢያንስ ለ10 ተከታታይ ቀናት ሲቋረጥ ውሉ ሊታገድ ይችላል ይላል፤ በእገዳው ጊዜ ውሉ አይፈርስም፣ ደመወዙ ግን ይቆማል። በአማርኛ ስናስቀምጠው፦ ሥራ አለህ፣ ገንዘብ የለህም። መንግሥት (እውነተኛው) በሚያዝያ መጨረሻ ላይ ሥራቸው ቆሞም ለሠራተኞቻቸው ደመወዝ ለሚከፍሉ ድርጅቶች የአራት ወር የደመወዝ ግብር ትቶላቸው ነበር። መልካም ሐሳብ ነው፤ ነገር ግን ግብሩ የሚተወው ከተከፈለ ደመወዝ ላይ ነው። ላልተከፈለው ለእኛ ምን ይተውልን?

በየወሩ ከደመወዛችን 7 በመቶ፣ ከአሠሪያችን 11 በመቶ ለጡረታ ይገባ ነበር። የግል ድርጅት ሠራተኛ ይህን ያገኘው በ2003 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ነው። ስንሸመግል የምትመጣ ገንዘብ አለችን ማለት ነው፤ በ28 ዓመታችን ሥራ ሲቆም የምትመጣ ግን የለችም። በሌላው ዓለም የሥራ አጥነት መድን የሚሉት ነገር እኛ አገር አልነበረም። ስለዚህ ያ መድን «መንግሥት» የተባለው ልጅ ሆነ። በ6,000 ብር ደመወዝ፣ ገርጂ፣ ሰርቪስ ቤት።

ደግሞ «የመንግሥት ሠራተኛ» ብለን በአንድ ጆንያ የምንከተው ሕዝብ አንድ ዓይነት እንዳልሆነ ያወቅነውም ያኔ ነው። ከግቢያችን ሁለተኛው በር ላይ የምትኖር ነርስ ነበረች። እሷም የመንግሥት ናት፤ ደመወዟም አልተቋረጠም። ግን ከቤት አልሠራችም። ለሁለት ሁለት ሳምንት ልጇን ለእህቷ ትታ ሕክምና ማዕከል ታድር ነበር፤ ስትመለስ ልጇ በመስኮት እያየች እጇን ታወዛውዝላታለች። የ«መንግሥት» መሥሪያ ቤት ጽዳት ሠራተኞች ደግሞ የመንግሥትን ወለል ይወለውላሉ እንጂ የተቀጠሩት በኤጀንሲ ነው። ቢሮው ጭር ሲል የተቀነሱት እነሱ ናቸው። «የምታፈላልን ሴትዮ ደውላ ሃምሳ ብር ካርድ አበድረኝ አለችኝ» ሲል እንባው መጥቶ ነበር። እኛ ያን ጊዜም ደመወዙን ስናስብ ነበር፣ እግዜር ይይልን።

ትምህርት ቤቶች በ2013 ዓ.ም. ሲከፈቱ መምህሩ ተመለሰ። ሆቴሉም ቀስ በቀስ በር ከፈተ፤ ልጁ በግማሽ ደመወዝ ገባ። በታኅሣሥ አንድ እሑድ ቡና እየጠጣን «ወንድማችን፣ ያንተን ሒሳብ እንክፈል» አልነው። የጠበቅነው «ተዉት እባካችሁ» እንዲለን ነበር። ከአልጋው ሥር አንድ የተማሪ ደብተር አወጣ። ምግቡን አልቆጠረውም፤ ኪራዩን ብቻ ነው የጻፈው። ሁለት ገጽ ላይ፣ በሁለት መንገድ።

ግራው ገጽ፦ «እኩል ከሆነ። የአራት ወር ኪራይ 14,400። የእናንተ ድርሻ ሁለት ሦስተኛ፣ 9,600 ብር።»

ቀኙ ገጽ፦ «እንደ አቅም ከሆነ። የአራቱ ወር በእኔ ላይ ነው፤ ዕዳ የለባችሁም። ከመስከረም 2009 እስከ የካቲት 2012 ግን የሦስታችን ገቢ 30,000፣ የእኔ 6,000 ነው። አንድ አምስተኛ። መክፈል የነበረብኝ 900፣ የከፈልኩት 1,500። በወር 600 ብልጫ፣ በ42 ወር 25,200 ብር።»

ደብተሩን ወደ እኛ ገፋ አደረገና «የትኛው ነው ፍትሐዊ? ምረጡ» አለ።

መምህሩ ሒሳቡን ሁለት ጊዜ አጣራው። ልክ ነው።

9,600ውን መረጥን። እሱንም በሦስት ጊዜ ነው የከፈልነው።