ጡረታ የሌለው ሥራ

የባቲ ከተማ ስሟ በሁለት ነገር ይጠራል። አንደኛው በየሰኞው የሚቆመው ትልቁ ገበያዋ ነው። አፋሩ ከቆላ ግመሉንና ፍየሉን እየነዳ፣ አማራው ከደጋ እህሉን በአህያ ጭኖ፣ የአካባቢው ኦሮሞም ከብቱንና የማሳውን ፍሬ ይዞ በዚያ ይገናኛል። ሁለተኛው ከትዝታ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ ጋር የሚቆጠረው፣ ስሟን የያዘው የዜማ ቅኝት ነው። ገበያው የሥራ ነው፤ ዜማው የዕረፍት። ከተማችን ሁለቱን አስማምታ ስትኖር፣ እኔ ግን በአንድ ቤት ውስጥ ሥራንና ዕረፍትን ማስማማት እስከ ስድሳ ዓመቴ ድረስ አላወቅሁበትም ነበር። ስሕተቴን ለወጣቶች ብገልጠው ይጠቅም ይሆናል ብዬ ይህን ጻፍሁ።

ማስተማር የጀመርሁት በ1971 ዓ.ም. ነው። 37 ዓመት ጠመኔ ይዤ በሰሌዳ ፊት ስቆም ኖሬ፣ በ2008 ዓ.ም. ዕድሜዬ 60 ስለ ሞላ በጡረታ ተሰናበትሁ። ባልንጀሮቼም «እንግዲህ ዕረፍ፤ ብዙ ደክመሃል» አሉኝ። እኔም ዐረፍሁ። ጧት ፀሐይ እስክትሞቅ እተኛለሁ፤ ከዚያ ሻይ ቤት ሄጄ ወሬ እሰማለሁ፤ ከቀትር በኋላ ደግሞ ባልንጀሮቼ ከቤቴ ይሰበሰቡና ምንጣፍ ተነጥፎ፣ ትራስ ተደግፈን፣ ጫት እየቃምን ስንጫወት ፀሐይ ትጠልቃለች። እንዲህ ያለው ኑሮ ለደከመ ሰው የሚገባ ዋጋ ነው ብዬ አምን ነበር።

ምንጣፉን ማን እንደሚያነጥፈው፣ ውሃውን ማን እንደሚቀዳው፣ ከሰሉን ማን እንደሚያቀጣጥለው፣ ቡናውን ማን እንደሚቆላው ግን አንድ ቀን እንኳ አላሰብሁም።

አንድ ማታ እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ባለቤቴ ገረባውን ልትጠርግ ጐንበስ አለች፤ ቀና ስትል ግን በአንድ እጇ ግድግዳውን፣ በሌላው ወገቧን ይዛ ጥቂት ቆመች። «ምን ሆንሽ?» አልኋት። «ምንም አልሆንሁም» አለችኝ። ቀጥላም ሳትቈጣ፣ እንደ ጨዋታ አድርጋ፣ «አንቱ ጡረታ ወጡ፤ እኔንስ ማን ያወጣኝ ይሆን?» አለችና መጥረጊያዋን ይዛ ወጣች።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። የሒሳብ መምህር ነበርሁና በማግሥቱ ደብተር አውጥቼ የእርሷን ቀን መቍጠር ጀመርሁ። ለሱብሒ ሶላት ከሌሊቱ 11 ሰዓት ትነሣለች፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት ትተኛለች። ከእነዚህ 17 ሰዓቶች ውስጥ ማሽላ ስትለቅም፣ ሊጥ ስታቦካ፣ እንጀራ ስትጋግር፣ ወጥ ስትሠራ፣ ውሃ ስትቀዳ፣ ልብስና ዕቃ ስታጥብ፣ እንግዳ ስታስተናግድ 13ቱ ያልፋሉ። 13ን በ7 ባበዛው በሳምንት 91 ሰዓት ሆነ። እኔ በመምህርነቴ ዘመን በሳምንት 40 ሰዓት ከሠራሁ ብዙ ደከምሁ እል ነበር። ይልቁንም ያሳፈረኝ፣ እኔ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የእርሷ ሥራ መጨመሩ ነው። የእኔ ዕረፍት በእርሷ ጫንቃ ላይ የተጫነ ሌላ ሸክም ኖሯል።

የአገራችን የመንግሥት ሠራተኛ የጡረታ አዋጅ የወጣለት በ1955 ዓ.ም. ነው። የግል ድርጅት ሠራተኛ የራሱን አዋጅ እስኪያገኝ ድረስ እስከ 2003 ዓ.ም. ጠብቋል። ለምድጃ ሥራ ግን የስንብት ደብዳቤ የሚጽፍ መሥሪያ ቤት የለም። ሕጉ ባለቤቴን የሚያስታውሳት እኔ የሞትሁ እንደ ሆነ ነው፤ ያን ጊዜ ከጡረታ አበሌ ግማሹ ለእርሷ ይታሰብላታል። በሕይወት ሳለሁ ግን ዕረፍቷን የሚያውጅላት ከእኔ በቀር ማን አለ?

እንግዲህ ሥራውን ለመካፈል ቈረጥሁ። ነገር ግን መቍረጥና ማወቅ አንድ አይደሉም። በመጀመሪያው ሳምንት እንደ ትምህርት ቤት የሥራ ሰሌዳ አዘጋጅቼ ከጓዳ ግድግዳ ላይ ለጠፍሁ፤ «ይህ ለምን እዚህ ተቀመጠ? ያ ለምን ዘገየ?» እያልሁም አስቸገርኋት። እርሷም ታግሣ ታግሣ፣ «እኔ የለመንሁት ረዳት ነው እንጂ አለቃ አይደለም» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ሰሌዳውን አነሣሁና ባልዲውን ያዝሁ።

ከሥራው ይልቅ የከበደኝ ኀፍረቱ ነው። ልብስ የማጥበው የግቢውን በር ዘግቼ ነበር። አንድ ቀን በሩን መዝጋት ረስቼ ኖሮ አንድ ባልንጀራዬ ገባና እጄ በአረፋ ተሞልቶ አገኘኝ። ሳቀ፤ ወሬውም ሻይ ቤት ደረሰ። «መምህሩ በስተርጅና ሙሽራ ሆነ» ተባልሁ። በልቤ አዘንሁ፤ ነገር ግን ወዲያው አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ነቢያችን መሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በቤታቸው ሳሉ ቤተ ሰባቸውን በሥራ ያግዙ እንደ ነበርና የሶላት ጊዜ ሲደርስ ወደ ሶላት ይወጡ እንደ ነበር ባለቤታቸው ዓኢሻ መናገራቸውን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬአለሁ። እርሳቸውን ያላሳፈረ ሥራ እኔን ለምን ያሳፍረኛል? ከዚያ ቀን ወዲያ በሩን አልዘጋሁም።

ውሃውን እኔ አመጣለሁ፤ ግቢውን እጠርጋለሁ፤ ማሽላውን አብረን እንለቅማለን፤ ዕቃ አጥባለሁ። እንጀራው ግን እስከ ዛሬ አልሆነልኝም። ጫቱንና የየዕለቱን ስብሰባ ተውሁ፤ አንዳንዱ ባልንጀራዬ ቀረ፣ አንዳንዱም በሳምንት አንድ ቀን ይመጣል፤ ቡናውንም አብሮን ያፈላል። እንዲህ በማድረጋችን ከዐስር ሶላት በኋላ እስከ መግሪብ ድረስ ያለው ጊዜ የሁለታችንም የዕረፍት ጊዜ ሆነ።

መጀመሪያ ላይ ባለቤቴ ዕረፍቱን አልቻለችበትም። ተቀመጪ ስላት ትቀመጥና እጇ የሚይዘውን ይፈልጋል፤ ወዲያው ተነሥታ የተጠረገውን ትጠርጋለች። ዕረፍትም እንደ ሥራ የሚለመድ ነገር መሆኑን ያን ጊዜ አስተዋልሁ። በመጨረሻ፣ «እንግዲህ በዚህ ሰዓት ምን ብታደርጊ ደስ ይልሻል?» ብዬ ጠየቅኋት። ትተኛለች፣ ወይም እኅቷን ልትጠይቅ ትሄዳለች ብዬ ነበር። እርሷ ግን ዐይኗን ወደ መሬት አድርጋ፣ «ፊደል» አለችኝ።

በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በተጀመረ ጊዜ እርሷም ገብታ መማር ጀምራ ነበር። በኋላ የመጀመሪያ ልጃችን ተወለደና ትምህርቱን ተወችው። «እስከ ነ ደርሼ ነበር» አለችኝ። እስከ ነ! እኔ 37 ዓመት ሙሉ የሰው ልጅ ሳስተምር፣ በአንድ ጣራ ሥር አብራኝ የኖረችው ሴት ነ ላይ ቆማ ስትጠብቅ ኖራለች። አንድ ቀን አልጠየቅኋትም፤ እርሷም ጊዜ የላትምና አልጠየቀችኝም። ወጣት ሆይ፣ በሕይወቴ ካፈርሁባቸው ነገሮች ሁሉ ይህ ይበልጣል።

እነሆ ከ«ነ» ጀመርን። ዛሬ ቀስ ብላ ታነባለች። ሰኞ ሰኞ አብረን ገበያ እንወርዳለን፤ የምንሸምተውን ሸምተን ጥቂት እንዘዋወራለን። እርሷም በመንገዱ ዳር ያለውን ሁሉ ሳታነብ አታልፍም፤ የሱቁን ስም፣ የመኪናውን ታፔላ «ኮ-ም-ቦ-ል-ቻ» እያለች። እኔ ሰው እንዳይሰማን እሳቀቅ ነበር፤ እርሷ ግን አትሳቀቅም።

ከዚህ የተማርሁት ይህ ነው። ሥራ ፈጽሞ የሌለበት ዕረፍት ስንፍና ነው፤ እኔ ሞክሬዋለሁ፤ ቀኑን ያስረዝመዋል እንጂ አያጠግብም። ዕረፍት የሌለበት ሥራም ባርነት ነው፤ ባለቤቴ ኖራበታለች። ሁለቱ የሚስማሙት የቤቱ ሸክም በቤቱ ሰዎች ሁሉ ሲከፋፈል ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ተረት አባቶቻችን ለጦርነት ብቻ አልተናገሩትም፤ ለባልዲና ለመጥረጊያም ይሆናል።

አንተ ወንድሜ፣ ዛሬ በመጽሐፍህ ላይ ተቀምጠህ ይህን ስታነብ፣ እናትህ ወይም እኅትህ በዚች ሰዓት ምን እየሠራች እንደ ሆነ ቀና ብለህ ተመልከት። አንቺም እኅቴ፣ «የኔ ነገር ይቆይ» ብለሽ ትምህርትሽን ለሌላ ቀን አታሳድሪው፤ ያ ሌላ ቀን አርባ ዓመት ሊሆን ይችላል። እኔ ይህን ለማወቅ እስከ ጡረታ ቆየሁ። እናንተ ግን ጐረምሳና ኮረዳ ሳላችሁ ጀምሩት። መጽሐፉን አስቀምጣችሁ አንድ ጀሪካን ውሃ ብታመጡ መጽሐፉ አይቀየማችሁም፤ ተመልሳችሁ ስትመጡ በዚያው ገጽ ላይ ይጠብቃችኋል።